ሰው እየሠራባት ያለች ሊኑክስ እንዳትጠፋ፦ የትኛው መከላከያ ይሻላል?

ቢሯችን ጥግ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም፣ ፋኗ ግን ከበር ላይ ይሰማል። ሊኑክስ ናት፤ አምስት ሰው ይጠቀምባታል። ገሚሱ ከቢሮ፣ ገሚሱ ከቤቱ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ ከሩቅ በሚገባበት መንገድ፣ ይገባል። አንድ ዓርብ ማታ ባልደረባዬ 14 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አስነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ልታይ ስትል ሳጥኗ መልስ የለም። ጥበቃውን ጠየቅናቸው። «ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻዋን ስትጮህ አገኘኋት። መብራት ትበላለች ብዬ አጠፋኋት፣ ልጆቼ» አሉን። ምን ይባላል? ለቢሮው ነው ያሰቡት።

ከዚያ በኋላ የቻልኩትን መከላከያ ሁሉ ሞክሬያለሁ። እዚህ የማወዳድረው እነሱን ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የጋራ ኮምፒውተር የሚያጠፋ ሰው ተንኮለኛ ሆኖ አያውቅም፣ ቢያንስ እኔ አልገጠመኝም። ወይ ልማድ ነው፣ ወይ ችኮላ፣ ወይ የተሳሳተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ መጻፍ። ስለዚህ ሰውየውን ለአሥር ሰከንድ ቆም የሚያደርገው መከላከያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ የጠበቀው ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል።

የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሊኑክስ ራሱ ምን ያህል ይጠብቃችኋል?

ምንም ሳትነኩ የሚሠራ ጥበቃ አለ። ኡቡንቱም፣ ዴቢያንም፣ ፌዶራም የሚነሡት በሲስተምዲ ነው፤ ማሽኑን አስነሥቶ አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። በውስጡ ሎጊንድ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን የሚመዘግበው እሱ ነው። አንድ ሰው «ላጥፋ» ሲል ሎጊንድ ፖልኪትን ይጠይቃል። ፖልኪት ፈቃድ ሰጪው ነው በሉት።

ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻውን ከሆነ ያለ ፓስዎርድ ያጠፋል። ሌላ ተጠቃሚ ገብቶ ከሆነ ግን የሚጠየቀው ፈቃድ ይለወጣል። ስሙ «ፓወር-ኦፍ-መልቲፕል-ሴሽንስ» ነው፤ ለእሱ የአድሚን፣ ማለትም የማሽኑ አስተዳዳሪ፣ ፓስዎርድ ያስፈልጋል። ለሪስታርትም እንዲሁ የራሱ አለው። ተራ ተጠቃሚ ሆናችሁ ተርሚናል ላይ «ሲስተምሲቲኤል ፓወርኦፍ» ብትሉ ደግሞ እገሌ በዚህ በኩል ገብቷል ብሎ ስሙን ይነግራችሁና እምቢ ይላል።

እቤት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሚጋሩ እህትና ወንድም ይሄ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ታናሽየው «ተጠቃሚ ቀይር» ብሎ ያልተቀመጠ ጽሑፉን ትቶ ቢሄድ፣ ታላቅየዋ ልታጠፋ ስትል ማሽኑ ያስቆማታል። ግን እሷም አድሚን ከሆነች የራሷን ፓስዎርድ አስገብታ ታልፋለች። ኡቡንቱ ሲጫን የሚፈጠረው የመጀመሪያው አካውንት አድሚን ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አድሚን የሚሆነውም ከዚያ በኋላ በስንፍና ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሱዶ ነው፤ ከፊቱ የተጻፈበትን ትእዛዝ በአድሚን ሥልጣን ያስኬዳል። ሱዶ ብሎ የመጣ ሰው ሩት፣ ማለትም ሁሉ የተፈቀደለት አካውንት፣ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፖልኪት ሩትን አያስቆምም። ከላይ ያልኩትን «እገሌ ገብቷል» የሚል መልእክት እንኳ አያየውም።

ሦስተኛው ቀዳዳ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሎጊንድ የሚቆጥረው ከእናንተ ሌላ የሆነ ተጠቃሚን ነው። አሥር ተማሪ «ስቱደንት» በሚል አንድ አካውንት ቢገባ ለሎጊንድ አሥሩም አንድ ሰው ናቸው። አንዱ አጥፋ ቢል «ሌላ ሰው የለም» ብሎ ያጠፋል። በላብ ውስጥ የጋራ አካውንት ምን ያህል እንደተለመደ ታውቃላችሁ፤ ፓስዎርዱ ነጭ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ሁሉ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ከዚህ በታች የማወራው አብዛኛው ነገር አይጠቅማችሁም። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው አካውንት ክፈቱ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። «የገባ ሰው» እና «የሚሠራ ሥራ» አንድ አይደሉም። ባለቤቱ ወጥቶ እንደ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሄድ ፕሮግራም) የተወው ሥራ የገባ ሰው ተብሎ አይቆጠርም። የሌሊት ሥራ የምታስኬዱ ከሆነ ኢንሂቢት የሚለውን ክፍል በደንብ አንብቡት።

የፖልኪት ሕግ ወይስ የሱዶ ገደብ?

ሁለቱም «ማን ያጥፋ» የሚለውን ይወስናሉ፣ በሩ ግን የተለያየ ነው። ፖልኪት የዴስክቶፑን ምናሌና ተራውን ተጠቃሚ ይይዛል። ሱዶ ተርሚናሉን ይይዛል። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መተው የፊት በር ቆልፎ የጓሮውን እንደመርሳት ነው።

የፖልኪት ሕግ በጃቫስክሪፕት የሚጻፍ አምስት ስድስት መስመር ነው። ኢቲሲ ሥር፣ ፖልኪት-1 ውስጥ፣ ሩልስ ዶት ዲ በሚባለው ፎልደር ይቀመጣል። የምትሉት ቀላል ነው፦ ሌሎች ገብተው ሳለ የማጥፋት፣ የሪስታርት፣ የሰስፔንድና የሃይበርኔት ጥያቄ ከመጣ፣ ጠያቂውም ከዚህ ግሩፕ ውጭ ከሆነ፣ መልሱ ይህ ይሁን። ሰስፔንድን አትርሱ። ማሽኑ ሲተኛ ከሩቅ ለገባው ሰው ከመጥፋት አይለይም።

አንድ ወጥመድ አለ። ኡቡንቱ 22.04 እና ዴቢያን 11 የያዙት አሮጌውን የፖልኪት እትም ነው፤ እሱ ጃቫስክሪፕት አያነብም፣ ፒኬኤልኤ የሚባል ሌላ ዓይነት ፋይል ነው የሚፈልገው። ከዴቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 24.04 ጀምሮ ጃቫስክሪፕቱ ይሠራል። ከሰው የወሰዳችሁት ሕግ ዝም ካለ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ ኮማ ስፈልግ ውያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ እንምጣ። መልሱ «ኖ» ይሁን ወይስ «የአድሚን ፓስዎርድ ጠይቅ»? ብዙ ሰው «ኖ» ይላል፤ ጠንካራ ይመስላል። እኔም ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ የሆነው ይኸው፦ አንዱ ሴሽኑን ሳይዘጋ፣ ማለትም ከአካውንቱ ሳይወጣ፣ ምሳ ወጣ። ሌላው ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ ነበረበት። ምናሌው እምቢ አለው፣ እኔም አልነበርኩም። የማሽኑን ማጥፊያ በተን ተጭኖ ያዘው። ያ ደግሞ ከመደበኛው መጥፋት የከፋ ነው፤ ሥራውም ፋይሉም ሳይሰናበት በአንዴ ጭልም ይላል። ከዚያ ወዲህ የአድሚን ፓስዎርድ የሚጠይቀውን እመርጣለሁ። «ኖ» የሚሆነው በተኑ ለማንም እጅ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ላለ ማሽን ነው።

ሱዶ ላይ ብዙ አልቆይም። «ሁሉንም ፍቀድለት፣ ከሹትዳውን በቀር» የሚል መስመር አትጻፉ። የሱዶ መመሪያ ራሱ አይታመንም ይላል፤ ሁሉ የተፈቀደለት ሰው ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም) ከፍቶ ያሻውን ያደርጋል። ተገላቢጦሹን አድርጉ፦ ለሥራው የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች ብቻ ዘርዝራችሁ ፍቀዱ። ዝርዝሩ ረጅም ሲሆንባችሁ ሰውየው በእርግጥ ሱዶ ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም።

ሞሊ-ጋርድ፦ ለእኛ ለአድሚኖች

ስሙ ደስ ይለኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አይቢኤም 4341 የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ነበር፤ ቀይ ማጥፊያ ነበረው። ሞሊ የምትባል የአንድ ፕሮግራመር ሕፃን ልጅ በአንድ ቀን ሁለቴ ነካችው። ከዚያ በላዩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ገጠሙበት። የክዳኑ ስም ሞሊ-ጋርድ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በዴቢያንና በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጫን ፓኬጅ አለ። በኤስኤስኤች ገብታችሁ ሹትዳውን ወይም ሪቡት ስትሉ የማሽኑን ስም ጻፉ ይላችኋል። ካልጻፋችሁ አያጠፋም። የሚፈታው በጣም የታወቀውን የአድሚን በሽታ ነው፦ አራት ተርሚናል ከፍቶ፣ ላፕቶፑን የሚያጠፋ መስሎት ሰርቨሩን ማጥፋት። ስሙን ለመጻፍ ስትሞክሩ እጃችሁ ይቆማል። ጣታችሁ የላፕቶፑን ስም ጽፎ ሲያበቃ ማሽኑ «አይደለም» ይላችኋል።

በራሱ ግን ሌላ ሰው ገብቷል አልገባም አያይም። እዚህ ላይ ነው ትንሽ ሥራ የሚያምረው። በማዋቀሪያ ፎልደሩ ውስጥ ራን ዶት ዲ የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ የምታስቀምጡት ትንሽ ስክሪፕት «አይሆንም» ብሎ ከተመለሰ ማጥፋቱ ይቆማል። የእኔ ስክሪፕት ማን እንደገባ የሚዘረዝረውን «ሁ» የሚባል ትእዛዝ ያስኬድና ከእኔ ሌላ ስም ካገኘ ስሙን አሳይቶ ይመልሰኛል። ስምንት መስመር ነው። ከጫንኩት ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ ያዳነኝ እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እኔው ነኝ።

ድክመቱን እወቁት። የሚሸፍነው የትእዛዞችን ስም ነው፤ በዴስክቶፑ ምናሌ በኩል የመጣ ማጥፋት በእሱ በኩል አያልፍም። ስለዚህ የፖልኪት ምትክ አይሆንም።

ፓኬጁ የሌለበት ስርጭት (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ከሆናችሁ ሌላ መላ አለ። ከሲስተምዲ 248 ጀምሮ ሲስተምሲቲኤል «ቼክ-ኢንሂቢተርስ» የሚል አማራጭ አለው። እሱን «የስ» ካላችሁት ሩትም ሆናችሁ የገቡትን ሰዎች ዘርዝሮ ያስቆማችኋል። በሩት አካውንት ላይ አሊያስ (የትእዛዝ አቋራጭ ስም) አድርጉት። አንድ መስመር ነው።

ኢንሂቢት፦ ሥራው ራሱ «ቆዩ» ሲል

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው ነው። ሲስተምዲ-ኢንሂቢት ግን ለሥራው ነው። ረጅሙን ሥራችሁን ስታስጀምሩ ከፊቱ ይህን ትእዛዝ ታደርጋላችሁ። ምን እንደሚከለክል ትነግሩታላችሁ፤ ማጥፋትን፣ መተኛትን ወይም ሁለቱንም። ምክንያቱንም ትጽፉለታላችሁ። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉ በራሱ ይፈታል። ማንም መጥቶ መክፈት የለበትም።

ምክንያቱን በደንብ ጻፉ። «ሥራ» ብሎ የተወ ሰው አይቻለሁ። ሌላው ሰው ሲከለከል የሚያየው ያንን ጽሑፍ ነው። «የካርታ ሥራ፣ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ያልቃል፣ ቸኩሎ ለፈለገ ይደውልልኝ» የሚለው ጠብ ያስቀራል።

ሁለት ዓይነት መከልከል አለ። «ብሎክ» እስክጨርስ አታጥፉ ማለት ነው። «ዲሌይ» ግን ትንሽ ታገሡኝ፣ ፋይሌን ላስቀምጥ ማለት ነው፤ የሚታገሠውም በነባሪው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ለ14 ሰዓት ሥራ «ዲሌይ» ከንቱ ነው።

ሁለት ነገር ፈትኑ። አንደኛ፣ ከሩቅ በኤስኤስኤች የገባ ተራ ተጠቃሚ ማጥፋትን «ብሎክ» ለማድረግ ሲሞክር በነባሪው ይከለከላል፤ ማሽኑ ፊት ለተቀመጠው ግን ይፈቀድለታል። የእኛ ቢሮ ችግር ይኸው ነበር፤ ከቤት የሚሠሩትን ለሚይዘው ግሩፕ በፖልኪት ፈቀድንላቸው። ሁለተኛ፣ በቀደሙት እትሞች ሩት ይህን ቁልፍ ረግጦ ያልፋል። ከሲስተምዲ 257 ጀምሮ ግን «ብሎክ» ሩትንም ያስቆማል፤ የድሮው ለስላሳ ዓይነት «ብሎክ-ዊክ» የሚል አዲስ ስም ተሰጥቶታል። ዴቢያን 13 አዲሱን ይዟል። ኡቡንቱ 24.04 የያዘው 255ን ነው፣ ስለዚህ እዚያ ሱዶ ያለው ሰው አሁንም ያልፋችኋል።

በተኑና ሦስቱ ቁልፎች

ወደ ጥበቃችን እንመለስ። እሳቸው አካውንት የላቸውም፣ ተርሚናል አያውቁም። ፖልኪትም ሞሊ-ጋርድም እሳቸውን አያገኛቸውም። ዴስክቶፕ በሌለው ማሽን ላይ በተኑ ሲጫን ሎጊንድ በቀጥታ ያጠፋል፤ ሰው ገብቷል ብሎ አይጠይቅም።

መፍትሔው ሎጊንድ ዶት ኮንፍ ውስጥ ነው። «ሃንድል-ፓወር-ኪ» የሚለውን «ኢግኖር» (ችላ በለው) አድርጉት። ላፕቶፕ ከሆነ የክዳኑንም እንዲሁ። ለውጡ እንዲይዝ ማሽኑን ሪስታርት ማድረጉ ይቀላል። አዎ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት።

ከዚያ በኋላ አንዴ ነካ ማድረግ ምንም አያመጣም። አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ግን የሃርድዌሩ ጉዳይ ነው፤ ሊኑክስ ምንም አያደርግለትም። እዚያ ላይ ያለን አማራጭ የሞሊ ክዳን ነው። እኛ የካርቶን ቁራጭ ለጠፍንበት፣ በላዩም «ሥራ ላይ ናት፤ ስትጮህ ደህና ናት» ብለን ጻፍንበት። በወረቀት አትሳቁ። ለቤትና ለትንሽ ቢሮ ከዚህ ሁሉ ማዋቀር በፊት የሚሞከር ነው።

ኪቦርድ የተሰካበት ማሽን ላይ ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ዲሊት አለ። ዴስክቶፕ በሌለበት ይሄ ሪስታርት ያደርጋል። «ኮንትሮል-ኦልት-ዴል ታርጌት» የሚለውን ማስክ አድርጉት፣ ማለትም ጨርሶ እንዳይነሣ ዝጉት። እሱ ብቻ አይበቃም፦ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ ከተጫነ ሲስተምዲ በግድ ሪስታርት ያደርጋል። ሲስተም ዶት ኮንፍ ውስጥ ለዚህ ድግግሞሽ («በርስት» ይለዋል) የተቀመጠውን እርምጃ «ነን» በሉት። የዊንዶውስ ልማድ ያለው ሰው ማሽን ቀረት ሲልበት እነዚህን ቁልፎች እንደ ክራር ነው የሚመታቸው።

ማሽኑ ራሱን ሲያጠፋ

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አፕዴት በራሱ የሚጭነው አናተንደድ-አፕግሬድስ ነው። በነባሪው ሪስታርት አያደርግም። ግን አንድ ሰው ይህን ከከፈተው፣ «ሰው ገብቶ ቢሆንም ሪስታርት አድርግ» የሚለው ሁለተኛ መስመር በነባሪው ክፍት ነው። ስሙ «ኦቶማቲክ-ሪቡት-ዊዝ-ዩዘርስ» ነው፤ «ፎልስ» አድርጉት።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። ፋይሉ ውስጥ ያለው 02:00 የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሠራተኛ ሳይገባ ይሆናል ብሎ 02:00 የጻፈ ሰው አውቃለሁ። ማሽኑ የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከተተወ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ ያው 02:00 የእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል።

ማገድ የሌለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር የዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየው ባትሪ) ትእዛዝ ነው። መብራት ሄዶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል «አጥፋ» ከተባለ ማሽኑ ይጥፋ። ያኔ ምርጫው በሥርዓት መጥፋት ወይም ድንገት ድርግም ማለት ነው። ሩትንም የሚያስቆመውን የአዲሱን እትም «ብሎክ» የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቅላችሁ አንዴ ሞክሩት።

እና የትኛውን?

ለቤት፦ ለየብቻ አካውንት፣ አድሚን አንድ ሰው ብቻ። በቃ። ነባሪው ጥበቃ ይሠራላችኋል።

ለትምህርት ቤት ላብ፦ ለየብቻ አካውንት፣ ለማንም ተማሪ ሱዶ አለመስጠት፣ የፖልኪት ሕግ በአድሚን ፓስዎርድ። ኖም ዴስክቶፕ ከሆነ በመግቢያው ስክሪን ላይ ያለውን የማጥፊያ ምልክት መደበቅም ይቻላል፤ ልጆች ያላዩትን አይነኩም። ሞሊ-ጋርድ እዚህ ብዙ ሥራ የለውም።

ለቢሮ ሳጥን፣ እንደ እኛዋ፦ በተኑን ኢግኖር፣ ለአድሚኖች ሞሊ-ጋርድ ከነስክሪፕቱ፣ ለሌሊት ሥራ ኢንሂቢት። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ በተኑን እመርጣለሁ።

የግድ ማጥፋት ሲኖርባችሁ ደግሞ «ሹትዳውን» ላይ ደቂቃ ጨምሩ፤ 15 ደቂቃ ጥሩ ነው። ተርሚናል ከፍቶ ላለ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ አምስት ደቂቃ ሲቀር አዲስ ሰው እንዳይገባ ይዘጋል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በ«ሲ» አማራጭ ይሰረዛል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰው መልእክቱን ላያየው ስለሚችል ለእሱ በስልክ ደውሉለት።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ዓርብ ከሰዓት፣ ሥራ በሌለበት፣ ሁለት ሆናችሁ ፈትኑት። አንዱ በኤስኤስኤች ይግባ፣ ሌላው በምናሌው፣ በተርሚናል፣ በሱዶ፣ በበተኑ ለማጥፋት ይሞክር። እኛ ስንሞክር በተኑን እንዲጫኑ የጠየቅነው ጥበቃችንን ነበር። ሁለቴ ነካ ነካ አደረጓት፣ ዝም አለች። «አሁን ደግሞ አልሰማ አለች» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።